እናቴ ከሏን ያወለቀችበት ቴአትር

ባለፈው ጥቅምት ሁለት ወጣቶች ሊያነጋግሩኝ ፈልገው ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ጭማቂ ቤት ቀጠሩኝ። በሠፈራችን አዲስ የቴአትር ክበብ አቋቁመው ኮሜዲ እያዘጋጁ ነው። የድሮውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችንን የቴአትር ክበብ የሚያስታውስ ሰው ሲያፈላልጉ አንዱ የእኔን ስም ሰጥቷቸው ኖሯል። ልጁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፄን መቅዳት ጀመረ። እኔም ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ሙሉ ነበርና፣ ነፋሱም ደስ ይል ነበርና፣ የሚሰማኝ ሰው በማግኘቴ ብዙ አወራሁ። መጨረሻ ላይ ልጅቷ «በዚያ ዘመን ከሁላችሁም ይበልጥ ሕዝቡን ያስቅ የነበረው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔ ነበርኩ» አልኳት።

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። እሷም አምናኝ አንገቷን ነቀነቀች። ወደ ቤቴ ስመለስ በዘንባባዎቹ ሥር ቀስ ብዬ እየሄድኩ በራሴ አፈርኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ዛሬም ከገዛ እናቱ ጋር ይፎካከራል? የጥያቄው እውነተኛ መልስ እናቴ ነበረች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ቴአትር ብቻ መድረክ ላይ ወጥታ ሁላችንንም በልጣን ሄደች።

ቀናተኛ ሰው ነኝ። ይህን መናገር አይከብደኝም፤ ባለቤቴ ለሃያ ዓመት ስትነግረኝ ኖራ ለምጄዋለሁ። እሷ የምታውቀው ግን የኋላውን ነው። የመጀመሪያውንና የከፋውን ለማንም አላወራሁም ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንዳሰብኩት ሳይሆንልኝ ቀርቶ በፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠርኩ። አባቴ እዚያው ማቅለሚያ ክፍል ሲሠራ ኖሮ ከአምስት ዓመት በፊት ዐርፏል። እናቴ ወይዘሮ ይታይሽ ደግሞ ፈትል ክፍል ነበረች። የመጀመሪያ ልጅም የመጨረሻ ልጅም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ እሷና እኔ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ አባቴ በፎቶግራፉ፣ ሦስት ሆነን እንኖር ነበር ማለት ይቻላል።

እናቴ ከል ለብሳ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ነጠላ። ነጠላውን የነከሩላት የአባቴ የሥራ ጓደኞች ናቸው፤ የፋብሪካውን ምርጥ ቀለም ስላፈሰሱበት ነው መሰለኝ በአምስት ዓመት እጥበት ትንሽ እንኳ አልደበዘዘም። የበዓል ቀን ሴቱ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሷን ከሩቅ ለመለየት አልቸገርም ነበር።

የክበቡ አለቃ ጋሽ ተፈራ የሚባል መካኒክ ነበር። የናዝሬት ሰው ነው፤ ደራሲውም እሱ፣ አዘጋጁም እሱ፣ መጋረጃ ሲበላሽ ጠጋኙም እሱ። እኔ ደግሞ የክበቡ አስቂኝ ነበርኩ። ፈረቃ ሲለወጥ በበሩ ሳልፍ የፈትል ክፍል ሴቶች ባለፈው ቴአትር የተናገርኩትን እየደገሙ ይስቁ ነበር። እንደዚያ ሲሉኝ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኛል። የደመወዝ ቀን እንኳ ያን ያህል ደስ አይለኝም ነበር።

በዚያ ዓመት ጋሽ ተፈራ «ወንበሩ ሰው አለው» የሚል ኮሜዲ ጻፈ። ታሪኩ ቀላል ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አለች። ልጆቿ የአባታቸውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ይጠብቃሉ። እንግዳ ሲመጣ ቆሞ ይበላል፤ ቄሱ ቆመው ይባርካሉ፤ ዕድርተኛው ቆሞ ይጨቃጨቃል። አንድ ቀን ሊያገባት የሚፈልግ ሰው ሳያውቅ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል፤ ቤቱም ይቀወጣል። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ከሏን አውልቃ ነጭ ነጠላ ለብሳ ወንበሩ ላይ ራሷ ትቀመጣለች። ወንበሩን የሚጠብቀው ትልቁ ልጅ እኔ ነበርኩ። በዳግማይ ትንሣኤ እንዲታይ ተወስኖ ዐቢይ ጾም ሲገባ ልምምድ ጀመርን።

የሴትዮዋን ቦታ የያዘችው ብርቱካን የምትባል የቢሮ ጸሐፊ ነበረች፤ ቆንጆም ጎበዝም። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ተፈራ የነከረውን ጥቁር ነጠላ ስትከናነብ እናቷ በአዳራሹ በር ገቡ። ማን ሄዶ እንደነገራቸው አላውቅም። «ልጄ ገና ባል ሳታገባ ነው ባሏን የምትቀብረው?» አሉና እጇን ይዘው ወጡ። ሌሎቹም ሴቶች ጥቁሩን ነጠላ በእጃቸው መንካት እንኳ አልፈለጉም። በእኛ አገር ሰው ሳይሞትበት ከል የሚለብስ የለም፤ ሞትን መጥራት ነው ይባላል። ጋሽ ተፈራ ይህን የሚነግረው አጥቶ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ «ቤታችሁ ውሰደኝ» አለኝ። ልብሱን ሊዋስ መስሎኝ ተጨነቅሁ። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ የገባበት የሥራ ልብሷን ታራግፍ ነበር።

«ወይዘሮ ይታይሽ፣ ከልዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አላት።

«አበስኩ ገበርኩ! ከል ይዋሳል እንዴ ጋሽ ተፈራ? ሐዘኔን ለሰው ልጅ ላልብስ?»

«የለም፣ ከነባለቤቱ ነው የምፈልገው።»

 እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ሳቅ አልሰማሁም ነበር። ስንት መቶ ሰው የማስቀው እኔ፣ እራት ስንበላ የማልሞክረው ነገር አልነበረም፤ እሷ ግን ፈገግ ብላ «ብላ እንጂ» ነበር የምትለኝ። አንድ የናዝሬት መካኒክ በአንድ ቃል አሳቃት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ንግግር አልችልም» አለች።

«እንዲህ እንዳሉ ይምጡ፤ ሌላ ምንም አይጨምሩ።»

ወደ እኔ ዞር አለች። «አበጀ አለ አይደል? ልጀን እያየሁ እሠራለሁ» አለች።

እሷ ትፈራለች፣ ሁለት ቀን መጥታ ትተወዋለች ብዬ ነበር። አልተወችም። ትወና የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ዝም ብላ ቤት ውስጥ እንደምትናገረው ትናገራለች። ዕድርተኛው ቆሞ እያላበው «ወንበር የለም እንዴ?» ሲል በድርሰቱ የተጻፈላት «የሟች ነው» የሚል ብቻ ነበር። እሷ ግን ሰውየውን አዝና አየችውና «አይዘኑ፤ እሱም በሕይወቱ ብዙ አይቀመጥበትም ነበር» አለችው። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው አሥራ አምስት ሰዎች ሳቅ በሳቅ ሆንን። ልክ ነው፣ እኔም ስቄአለሁ። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ፤ አባቴ እውነትም ቤት አይቀመጥም ነበር። ከሥራ ወጥቶ የት ያመሽ እንደነበር እናውቃለን። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ክፉ ያልወጣት ሴት እዚህ መጥታ መሳቂያ ታደርገዋለች ብዬ ቅር አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተፎካከርኳት። ወንበሩ ሥር ወደቅኩ፣ ዐይኔን አጉረጠረጥኩ፣ እንደ ዶሮ ጮኽኩ። የባሕር ዳር የመጋቢት ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ እላያችን ላይ ይጋገራል፣ ከማሽን ክፍሉ የሚመጣው የጥጥ ብናኝ ላብ ላይ ይለጠፋል። እኔ በዚያ ሁሉ እየዘለልኩ ሰው የሚያየው እሷን ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ተፈራ ትከሻዬን ይዞ «አበጀ፣ አንተ ዝም ስትል ነው ይበልጥ የምታስቀው» አለኝ። ለምክር ብሎ ነው። እኔ ግን ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

ይህ እንኳ ያልፍ ነበር። ያላለፈው ካፒቴኑ ነው።

ካፒቴን ደሳለኝ በሳምንት አንድ ጊዜ በደቅ ደሴት በኩል አድርጋ ጎርጎራ የምትደርሰውን ጀልባ የሚነዳ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጎንደር የምትማር አንዲት ሴት ልጅ ያለችው ሰው ነበር። የጋሽ ተፈራ ወዳጅ ስለሆነ ሊያገባ የሚመጣውን ሰውዬ እንዲሠራ ተለመነ። ድምፁ ትልቅ ነው፤ የጀልባ ሞተር እየጮኸበት ማውራት የለመደ ሰው ዝግ ብሎ ማውራት አይችልም። ከመንገዱ ሲመለስ ማንጎ ይዞ ይመጣል። በትንሽ ቢላው ልጣጩን ሳይቆርጥ ከላይ እስከ ታች ይልጠውና እየከፈለ ለሁላችንም ያድለናል። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ማንም ሳይነግረው ይህን ደረሰበት። የእኛን ቀደም ብሎ ይሰጠንና የእሷን ማንጎ ሳይልጥ ያስቀምጠዋል፤ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል፤ ልክ ዘጠኝ ሲሆን ቢላውን ያወጣል። ማንጎው የጮቄ ተራራ ማር ቢሆን እንኳ አይወርድልኝም ነበር። «ሆዴን አሞኛል» እያልኩ ጾሙን ሙሉ ማንጎ ሳልበላ ከረምኩ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደ ማንጎ የምወደው ነገር የለም።

አንድ ቀን ከልምምድ ስንወጣ ከኋላቸው ነበርኩ። ካፒቴኑ ብስክሌቱን እየገፋ ከእናቴ ጎን ይሄዳል። በድርሰቱ እርስ በርሳቸው «እርስዎ» ነው የሚባባሉት፤ ከመድረክ ውጭም እስከዚያ ቀን እንደዚያ ነበሩ። «ነገ ትመጫለሽ?» ሲላት ሰማሁት። እሷም «እመጣለሁ» አለችው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ያቺ «ትመጫለሽ» የምትል ቃል ቤታችን ሳያንኳኳ የገባ ሰው ሆና ተሰማችኝ።  የዚያን ዕለት ማታ እሷ ሽሮዋን እያወጣች የሆነ ነገር ታንጎራጉር ነበር።

የሕማማት ሳምንት ልምምድ ቆመ። እናቴ ከጧት እስከ ማታ ስትሰግድ እየዋለች ጉልበቷን አሟት ትመጣለች። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉልባን ቀቅላ አቀረበችልኝ። ባቄላውና ስንዴው ገና ይተናል። ልምምድ ከጀመርን ወዲህ ረጋ ብለን ፊት ለፊት ስንቀመጥ የመጀመሪያ ቀናችን ነበር፤ ዝም ብዬ በልቼ ብነሣ በተሻለኝ።

«የአባየን ከል በሕዝብ ፊት ልታወልቂው ነው አይደል?» አልኳት።

«ቴአትር ነው እኮ ልጀ። ከቤት ስገባ መልሸ እለብሰዋለሁ።»

«ለቴአትሩ አይደለም። ለዚያ ሰውየ ብለሽ ነው።»

ጉልባኑን በጣቷ ስታገላብጥ ቆየች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ እመርጥ ነበር።

«ማን በቃሽ ብሎኝ ነው የማወልቀው?» አለች በመጨረሻ።

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። ሴት ልጅ ከሏን በራሷ እጅ አታወልቅም። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ወንድም ወይም ሌላ የቅርብ ሰው ነጭ ልብስ ይዞ ይመጣና «በቃሽ» ይላታል፤ ጥቁሩን አውልቆ ነጩን ያለብሳታል። የእናቴ ወንድም ያለው ከሐይቁ ማዶ ቆላ ድባ ነበር። በአባቴ ሙት ዓመት እህሌን ወቅቼ እመጣለሁ ብሎ ላከ፤ ከዚያ ታመመ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ገጠመው፤ በዚያው ቀረ። ዓመት ካለፈ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። ጎረቤቱም ጥቁሩን ለመደው፣ እኔም ለመድኩት። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር። ያ ልብስ እስካለ ድረስ እናቴ የአባቴና የእኔ ናት።

«እንግዲያው አታውልቂው» ብያት ተነሣሁ።

የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጾም የተፈታበት ሰሞን ነው፤ ሰው ሁሉ ጠግቦ፣ ቅቤና ጠላ ሸቶ፣ ነጭ ለብሶ መጥቷል። የፈትል ክፍል ሴቶች ፊት ለፊት ያሉትን ሦስት ረድፎች ይዘዋል፤ ይታይሽ ቴአትር ትሠራለች መባሉን ሰምተው ልጅ አዝለው የመጡ አሉ። ለመጨረሻው ትዕይንት የተዘጋጀውን ነጭ ነጠላ የማስቀምጠው እኔ ነኝ፤ ግምጃ ቤት ስለምሠራ የመድረኩ ዕቃ ኃላፊነት ሁልጊዜ የእኔ ነው። ቴአትሩ ሊጀመር ሲል ነጠላውን ወስጄ ከመጋረጃው ጀርባ ከተከመሩት የጥጥ ጆንያዎች ሥር ወተፍኩት። ነጩ ከሌለ ጥቁሩን አታወልቅም ብዬ ነበር ያሰብኩት። ጋሽ ተፈራ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ እጁን ያወራጫል፣ እሷ ትደነግጣለች፣ አንድ ሁለት ቃል ብለን መጋረጃው ይዘጋል።

ቴአትሩ እንዴት እንደሄደ ብዙ አልናገርም፤ ምክንያቱም የሄደው በእሷ ነው። «ብዙ አይቀመጥበትም ነበር» ስትል አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ሴቶቹ እየተደጋገፉ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። እኔ ወንበሩ ሥር ወደቅኩ፤ ሁለት ልጆች ሳቁ። ካፒቴኑ ሳያውቅ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥና እናቴ ዐይኗን ጨፍና ስታማትብ ጭብጨባው አላባራ ብሎ ንግግሬን ለመጀመር ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ መጨረሻው ደረሰ። ልጆቹ ሁሉ ተሰልፈናል፤ እኔ ከእሷ ሦስት እርምጃ እርቃለሁ። እናቴ የድርሰቱን ቃል ሳታጓድል ተናገረች። ጥቁሩን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደችው። ሻሿን ፈታችው። አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። አላሰብኩትም ነበር፤ ነጩ መኖሩን ሳታይ ታወልቃለች ብዬ አላሰብኩም። ጸጉሯ ግማሹ ሸብቷል። ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ መሸበቷን አላውቅም ነበር።

«ልጀ፣ ነጠላየን አምጣልኝ» አለች።

በድርሰቱ ያለ ቃል ነው። ሮጬ ሄጄ ማምጣት፣ ማልበስ፣ አለቀ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሰው ይህም የቀልዱ ነው ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ እሱም ተወው። እናቴ ጸጉሯ ተገልጦ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እጆቿን አጣምራ ቆማ እኔን ታያለች። ቃሉ ጠፍቶባት መሰለኝ። ካፒቴኑ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸት አለ፤ የእሱ ቦታ አለመሆኑን ዐውቆ ነው። ይህን ማወቁ ራሱ አናደደኝ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሣች። የፈትል ክፍል ሰው ናት፤ መልኳን አውቀዋለሁ፣ ስሟን አላውቀውም። በተቀመጡት መካከል እየተጋፋች መጥታ የመድረኩን ደረጃ ወጣች። የራሷን ነጭ ነጠላ ከላይዋ አንሥታ እናቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው።

«በቃሽ ይታይሽ» አለቻት። «በቃሽ እህቴ።»

ከዚያ ሌላዋ መጣች። ከዚያ ሌላዋ። ሰባት ነበሩ። እያንዳንዷ ነጠላዋን አልብሳ «በቃሽ» እያለች ጉንጯን ስማ ወረደች። ነጠላው በነጠላ ላይ ሲደራረብ ጥቁሩ ቀሚስ አልታይ አለ። ታች ያሉት በእልልታ አቀለጡት። እናቴ ታለቅስ ነበር፤ ጋሽ ተፈራም ከመጋረጃው ጀርባ ያለቅስ ነበር። ሕዝቡ እየወጣ ሳለ አንድ ሽማግሌ «መጨረሻዋን ግሩም አድርጋችሁ ጽፋችኋታል» ብለው እጄን ጨበጡኝ።

ቤት ስንገባ ጥቁሩን መልሳ አልለበሰችም። ሰባት ሴት «በቃሽ» ካላት በኋላ መልሶ መልበስ የለም፤ ነውር ነው። በማግስቱ ከሉን አጥባ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለምትቀመጥ አንዲት ችግረኛ ሰጠችው። በሚቀጥለው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ካፒቴን ደሳለኝን አገባች። በሠርጉ ዶሮ ወጥ ላይ ፊቴን አጥቁሬ ዋልኩ፤ ካፒቴኑም በዚያ ትልቅ ድምፁ «ለአበጀ ጨምሩለት!» እያለ አሳላፊዎቹን ያዝልኝ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር። ይህን ለማለት ዐሥር ዓመት ፈጅቶብኛል። ከሦስት ዓመት በፊት ሲሞት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። እናቴ ለእሱም ከል ለበሰች፤ ልክ በሙት ዓመቱ ልጁ ከጎንደር ነጭ ይዛ መጥታ «በቃሽ» አለቻት። ለእሱ አንድ ዓመት፣ ለአባቴ አምስት። ይህን አስልቼ ደስ ያለኝ ቀን አለ፤ አልደብቅም።

ስለዚያ ነጠላ ለማንም ሳልናገር ሠላሳ ዓመት ገደማ ኖርኩ። መጀመሪያ አፍሬ ነው። በኋላ ግን ሐፍረቱ እየተወኝ፣ እንዲያውም በልቤ ልኮራበት ጀመርኩ። እኔ ባልደብቀው ኖሮ ቴአትር ሆኖ ይቀር ነበር፣ ከቤት ስትገባ ጥቁሩን መልሳ ትለብሰው ነበር፣ ክፋቴ ለደግ ሆነላት እያልኩ ራሴን አጽናናው ነበር።

ወጣቶቹን ካነጋገርኩ በኋላ በሳምንቱ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሐይቁ አጠገብ ባለው በካፒቴኑ ቤት ትኖራለች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዷል። ዋሽቼ ለልጅቷ የነገርኳትን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ጊዜው ነው አልኩና ሌላውንም ነገርኳት፤ ነጠላውን የደበቅኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ከጥጥ ጆንያው ሥር እንደወተፍኩት።

እሷ ከምስሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

«አይቸው ነበር እኮ» አለች። «ልወጣ ስል ጫፉ ከጆንያው ሥር ወጥቶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላነሣሽውም?»

«አንተ ታመጣልኛለህ ብየ ነዋ።» መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገችና አየችኝ። «ያን ያህል ቁሜ የጠበቅሁህ ለምን መሰለህ? ወንድሜ አልመጣም፤ የቀረኸኝ አንተ ነበርህ። ከል ያወለቅሁትም በቃሽ ትለኛለህ ብየ ነው። ሴቶቹ ቀደሙህ።»

ቃሉ ጠፍቶባት አልነበረም። ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች፤ አላዘነችብኝም፣ የቆየ ወሬ እንደምታወራ ነበር የነገረችኝ። እኔም ከሰፌዱ ማዶ ተቀምጬ አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።

በካፒቴኑ ቀንቼ ነበር፣ በሳቋ ቀንቼ ነበር፣ በጭብጨባዋ ቀንቼ ነበር። አሁን ሁሉም ለቀውኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ የምቀናው በዚያች ስሟን በማላውቃት ሴት ነው። እሷ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥታ፣ ሰው እየተጋፋች፣ ደረጃ ወጥታ ደረሰችላት። እኔ ሦስት እርምጃ ነበር የቀረኝ።